ሦስት ጣሳ ውሃ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። ፋና አራት ጄሪካን ሞልታ ከግድግዳው ሥር ደረደረች። ዶሮዎቹን ለቀቀች፣ ሻይ ጣደች፣ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ቆራርሳ በሰሃን አቀረበች። ከዚያ አክስቷን እመት ደብሪቱን እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸውና ፀሐይ ከሚያገኘው መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሻሻቸውን አስተካክላ አሰረችላቸው፣ የሻዩን ብርጭቆ መዳፋቸው ውስጥ አኖረች። ሳምንቱን ሙሉ በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ ስለምታጎነብስ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንገቷን ቀና አድርጋ ሩቅ ማየት ትወዳለች። ከአጥሩ በታች የላሊበላ ቆርቆሮዎች፣ ከዚያ ወዲያ ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ የታጨደ የገብስ ማሳ።

«ማናት ያለፈችው?» አሉ እመት ደብሪቱ።

«አንዲት ልጅ ናት። ጄሪካን ይዛለች።»

«እሱንማ ሰማሁት። ምን ዓይነት ናት?»

«ቀይ፣ ረጅም፣ ሹሩባ የተሠራች።»

«እሱ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል ነው። እኔ ምን ዓይነት ናት ነው ያልኩሽ።»

ፋና ዞር ብላ ብትፈልጋት ልጅቱ በመታጠፊያው ተሰውራለች። «ቆንጆ ናት መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ ካልሽ ቆንጆ አይደለችም። ቆንጆ መሰለኝ አያሰኝም።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሸጋ ትሆናለች።»

እመት ደብሪቱ ልጅ ያያሉ። ልጅ ማየት ማለት፣ ወንድ ልጁን ሊድር ያሰበ ቤተሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ የታሰበችውን ልጅ እቤቷ ድረስ ሄዶ አይቶ መምጣት ነው። ለዚህ የምትላከው ሴት ናት፤ ያውም በዕድሜ የገፋች፣ ለራሷ የምትፈልገው ነገር የሌላት፣ ቃሏ የታመነ። እሳቸው አርባ ዓመት ይኼንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። ደንቡ የታወቀ ነው። ለስእለት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ መንገደኛ በራፍ ላይ ይቆማሉ፣ ደክሞኛል ብለው ውሃ ይለምናሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ ለምን እንደመጡ ያውቃል፤ ማወቁን ግን ማንም አያሳይም። ውሃውን የምታመጣው ልጅቱ ናት። ይጠጣሉ፣ ጨምሪልኝ ይላሉ፣ አሁንም ጨምሪልኝ ይላሉ። ሦስት ጣሳ።

ሦስት የሆነው በጥማት አይደለም። መጀመሪያ ስትመጣ ዓይን ሳይጠየቅ የሚይዘውን ይይዛል፤ ቆንጆ የሚባለው እዚያ ላይ ይለያል። ሁለተኛው ላይ ዓይን ረጋ ይልና ግንባሩን ከአፍንጫው፣ አፍንጫውን ከከንፈሩ ያስተያያል፤ ሁሉ በልኩ ከተገኘ መልከ መልካም ናት። ሦስተኛው ላይ ልጅቱ መታየቱ ይሰለቻታል፤ ትናደዳለች፣ ወይ ሳቋ ይመጣል፣ ወይ ታፍራለች። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ የሚመጣባት ደም ግቡ ትባላለች፣ አፍንጫዋ እንዳሻው ይሁን። ሸጋነት ደግሞ በጣሳ አይታይም። እሱ የሚታየው ልጅቱ ማንም የማያያት ሲመስላት ነው።

እመት ደብሪቱ በእነዚህ ቃላት ቀልደው አያውቁም። አንድ ጊዜ የባለጠጋ ልጅ አይተው ሲመለሱ «መልከ መልካም ናት። ነገር ግን ደጅ ሳልደርስ ፊቷ ጠፋብኝ» ብለው ሠርግ ያስቀሩ ሴት ናቸው። ተቀይሞ የሰነበተ አለ፤ ዋሹ ያለ ግን የለም።

ታዲያ እኚህ ሴት ካላዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የዓይናቸው ነርቭ ነው የሞተው፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አይመልሰውም ብሏል። ይኼን ከፋና በቀር የሚያውቅ የለም። መንገዱን እግራቸው ያውቀዋል፣ ሰውን በድምፁ ይለዩታል፣ እጃቸውን ተይዘው ሲሄዱ ያየ እርጅና ነው ይላል። ልጅ ለማየት ሲጠሩ ፋና ትከተላቸዋለች። የምታየው እሷ ናት። ሲመለሱ አንድ ጥላ ሥር ይቀመጡና እመት ደብሪቱ ይጠይቃሉ፣ ፋና ትመልሳለች፣ ከመልሱ ውስጥ ቃሉን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለት ትዳር እንዲህ ቆሟል። ፋናን መጀመሪያ አካባቢ ያስጨንቃት ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ራሱ ያጓጓት ጀመር። አንድ ፊት ክፍል በክፍል ተነግሮ ሲያልቅ ለምን ፊት እንደማይሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ቃል ለምን ቁጭ እንደሚል ማወቅ ፈለገች።

ሻዩ ሳያልቅ አሰለች በአጥሩ በር ገባች። የቄስ ኢያቄም ባለቤት ናት፤ ከሩቅ የምትሰማ፣ ወሬዋን ከመቀመጧ የምታስቀድም ሴት።

«እንዴት አደሩ እመት ደብሪቱ! ይኸው ፀሐይዎን ይዘዋል። ልጄን ሊድሩልኝ ነው የመጣሁት።»

«የቱን? ዲያቆኑን?»

«ይታገሱን። ሌላ ማን አለኝ? ዲያቆን ካላገባ ቅስና አይቀበል፤ ደብሩ ደግሞ ቄስ አንሶታል፣ ለልጁ ቦታ ይዘው ቆመዋል። ለጥር መድረስ አለበት።»

«ልጅቷስ?»

«ገነተ ማርያም ናት። የደግሰው ልጅ፣ ንጋት የምትባል። አባትየው በሰው በሰው እሺ ብሏል። ማክሰኞ ሽማግሌ እንልካለን፤ የቀረን የእርስዎ ቃል ብቻ ነው።» አሰለች ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መሰላት። «ግን በሞቴ፣ ቆንጆ እንዳያመጡብኝ።»

«ቆንጆ ምን አደረገሽ?»

«ለቄስ ሚስት ቆንጆ ምን ያደርጋል! ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ ፊቱን ወደ መቅደስ ያዙር እንጂ ወደ ሴቶች በር ምን ያዞረዋል? ደም ግቡ ትሁንልኝ። ሲያዩዋት ደስ የምትል፣ ቤት ሲገቡ የምትታወስ። ደም ግቡ ናት ካሉኝ ሌላ አልጠይቅም።»

«አስቀያሚ ብትሆንስ?»

«ኧረ እሱንማ ልጁም ይሰማል፣ ሰውም ይስቅብናል» አለች አሰለች፣ ራሷም እየሳቀች። ከዚያ ወደ ፋና ዘወር አለች። «አንቺስ ልጄ፣ ለባልሽ የለበስሽውን ጥቁር አላወጣሽም? ሁለት ዓመት ሞላው እኮ።»

«አወጣዋለሁ» አለች ፋና፣ ብርጭቆዎቹንም ሰብስባ ገባች።

አራት ሰዓት ላይ ፋናና አክስቷ ወደ ገነተ ማርያም ሚኒባስ ያዙ። ከወረዱበት የደግሰው ቤት ድረስ የግማሽ ሰዓት እግር ነው። ሜዳው ላይ ገብስ እየተወቃ ነበር፤ ገለባው አየሩ ላይ ቆሟል። እመት ደብሪቱ በራፍ ላይ ቆሙና ዘንጋቸውን ተደግፈው «ቤቶች! የመንገደኛ ውሃ ስጡን» አሉ። ደግሰው ከአውድማው ላብ በላብ ሆኖ መጣ፣ ማንነታቸውን እንዳላወቀ ሆኖ ሰላም አለ፣ ወደ ውስጥም ጮኸ። «አንቺ ንጋት! ለእማማ ውሃ!»

ልጅቱ መጣች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ፋና ዓይኗ ሳይጠየቅ የሚይዘውን ለማወቅ ጠበቀች፤ ዓይኗ ምንም አልያዘም። ጠይም፣ መካከለኛ ቁመት፣ የቤት ቀሚስ። ሁለተኛው ጣሳ ላይ አስተያየች። አፍንጫዋ ሰልካካ አይደለም፣ ከንፈሯ የላይኛው ከታችኛው ይወፍራል። ሦስተኛውን ስታመጣ ንጋት ጣሳውን ዘረጋችና ቆመች። የእመት ደብሪቱ እጅ ከጣሳው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየሩን ጨበጠ። ልጅቱ አንድ አፍታ እጁን አየች፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን አየች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ጣሳውን ከፍ አድርጋ ጣቶቻቸው ሥር አስገባችላቸው። ፊቷ ቀላ። ፋና ያንን ፊት አየችው።

እመት ደብሪቱና ደግሰው ስለ ዘንድሮ ገብስ ሲያወሩ ንጋት ፋናን «ጓሮ ላሳይሽ» ብላ ወሰደቻት። ጓሮው ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጎመንና አንድ የታሰረ ጥጃ።

«እማማ አያዩም» አለች ንጋት።

ፋና ወደ በራፉ ዞራ አየች።

«አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም። የምታይላቸው አንቺ ነሽ ማለት ነው። እህቴ፣ አስራ ሁለተኛን አልፌያለሁ። ከትምህርት ቤታችን ያለፍነው አራት ነን። ዩኒቨርሲቲው ታኅሣሥ ላይ ይጠራናል። አባቴ ቄስ ቤት ከገባሽ ምን ጎደለሽ ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቃል ሰጥቷል። እነሱ ካልፈለጉኝ ግን ከቃሉ ይወጣል።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«አስቀያሚ ናት በይልኝ።» ንጋት ሳቋ አመለጣት። «ኧረ ምን ይከብዳል? አፍንጫዬን ተመልከችው፣ ግማሹን ሥራ ሠርቶልሻል።»

ፋናም ሳቀች። ከሳቀች የቆየች ሰው አሳሳቅ ነበር።

«ብትይልኝም ባትይልኝም ስለ እማማ አልናገርም» አለች ንጋት። «እሱን ከዚህ ጋር አላገናኘውም።» ጎንበስ ብላ ጥጃው የተጠላለፈበትን ገመድ ፈታችለት።

መመለሻቸው ላይ ከመኪናው መንገድ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እመት ደብሪቱ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«በይ።»

«ደስ አትልም» አለች ፋና።

«ደስ አትልም ቃል አይደለም። ግንባሯ?»

«ሰፊ ነው። የወንድ ይመስላል።»

«ዓይኗስ?»

«ትንንሽ ነው። ወደ ውስጥ የገባ።»

«አፍንጫዋ?»

«ጫፉ ደፈጥ ያለ።»

«ጉንጭስ አላት?»

«የለም ማለት ይቻላል። አጥንት ነው።»

«ከንፈር።»

«ሥሥ። ዝም ስትል የተቆጣች ነው የምትመስለው።» ፋና ሐሰቱ እንደዚህ ሳይደናቀፍ መውጣቱ ራሷን ገረማት። የምትፈልገው ሁሉ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር።

እመት ደብሪቱ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት?»

«ኧረ የላትም።»

«እሱን ረሳሽዋ። ሰባት ዓመትሽ ላይ ከአህያ ወድቀሽ ነው የተሰነጠቅሽው፣ በገዛ ነጠላዬ አሥሬ ነው ሐኪም ቤት የወሰድኩሽ።» ዘንጋቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «አስቀያሚ ፊት አምጪ ቢሉሽ የራስሽን አመጣሽልኝ።»

ፋና ፊቷ ጋለ። የተናገረችውን መለስ ብላ ቆጠረችው፤ ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ አንድ በአንድ የጠዋት መስታወቷ ነበር።

«ማነው አስቀያሚ ነሽ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«እንጃ። ሲደመር እንደዚያ የሚመጣ ይመስለኛል።»

«መደመሩን ማን አስተማረሽ? ይኼ ሁሉ በአንቺ ላይ እንዳለ አየው ነበር እኮ፣ ዓይን በነበረኝ ጊዜ። ሰፊ ግንባር፣ የገባ ዓይን፣ ሁሉም አለ። ለሰው አይቼሽ ቢሆን ኖሮ ደም ግቡ ናት ነበር የምለው። በቁልምጫ አይደለም፤ በዚህ እንደማልቀልድ ታውቂያለሽ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባልሽስ፣ እንዳለው ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ይልሽ ነበር?»

ከታች አንድ አይሱዙ አሸዋ ጭኖ ሲያቃስት ይሰማ ነበር። ፋና እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ስሜን ነበር የሚጠራኝ።»

«እሱስ ምን ዓይነት ነበር? ዓይኔ ከሄደ በኋላ ነው ያመጣሽው፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ሌላ ቀን እነግርዎታለሁ» አለች ፋና።

እመት ደብሪቱ አልገፉም። «በይ እሺ፣ ልጅቱ ምን ብላ ለመነችሽ?»

ፋና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፈተናውን፣ የታኅሣሡን ጥሪ፣ የአባትየውን ቃል። የጣሳውንም ነገር አልደበቀችም። እመት ደብሪቱ እጃቸው አየር ሲጨብጥ ልጅቱ እንዳየችባቸው አላወቁም ነበር። አንዴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እና አልናገርም አለችሽ?»

«ብትይልኝም ባትይልኝም አልናገርም ነው ያለችው።»

«ያልታየች ሲመስላትስ ምን አደረገች?»

«ጥጃው ተጠላልፎ ነበር፣ ፈታችለት።»

«እንግዲህ አሁን እውነቱን በይኝ። ምን ዓይነት ናት?»

ፋና የምትለውን ለመፈለግ አልቆየችም። «ደም ግቡ ናት» አለች። መሰለኝ አላለችም።

«ሸጋም ናት፣ እሱን እኔ ጨምሬልሻለሁ።» እመት ደብሪቱ በረጅሙ ተነፈሱ። «ምን ይሻላል? ደም ግቡ ናት ካልኩ ማክሰኞ ሽማግሌ ነው፣ ጥር ሠርግ ነው፣ የልጅቱም ትምህርት እዚያው ይቀራል። አስቀያሚ ናት ካልኩ አርባ ዓመት ያልዋሸሁት ሴትዮ ዛሬ ዋሸሁ። ያውም በመልክ!»

«ዝም ቢሉስ?»

«ዝም ያልኩ እንደሆን እሺ ነው። እንደዚያ ነው ደንቡ።»

ሚኒባሱ ሲመጣ ፋና እጃቸውን ይዛ አሳፈረቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ኢያቄም ቤት ሄዱ። አሰለች ጠላና ዳቦ አቅርባለች። ዲያቆን ይታገሱ ከጥግ ተቀምጦ ጣቱን ያያል። ቄስ ኢያቄም መስቀላቸውን አሳለሙና «እንግዲህ እመት ደብሪቱ፣ ያዩትን ይንገሩን» አሉ።

«ይፍቱኝ አባቴ። አላየኋትም።»

«አልነበረችም እንዴ?» አለች አሰለች።

«ነበረች። ሦስት ጣሳ ውሃ ሰጥታኛለች። የማላየው እኔ ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው።»

አሰለች ልታጎርስ የቆረሰችው ዳቦ እጇ ላይ ቀረ። ፋና የአክስቷን ቀሚስ ጎተት አደረገች፤ እመት ደብሪቱ እጇን ገፋ አደረጉት።

«አራት ዓመት? ታዲያ የወንድሜን ልጅ የደሳለን ሚስት ማን አየልን?»

«ይቺ ናት» አሉ እመት ደብሪቱ፣ እጃቸውንም ዘረጉ። እጁ የጠቆመው ይታገሱን ነበር፤ ፋና በሌላው ወገን ነው የተቀመጠችው። ዲያቆኑ ሳቁን በነጠላው አፈነ።

«ጉድ በሉ! ያቺን መሳይ ልጅ ሳያዩ ነው መልከ መልካም ያሉን?»

«መልከ መልካም አይደለችም እንዴ?»

«ናት እንጂ! እሱ አይደል የገረመኝ!»

ቄስ ኢያቄም አልሳቁም። «ይኼን መናገር ግድ አልነበረብዎትም» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ናት ቢሉን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር አባቴ። ንጋትም ታውቅ ነበር።»

ቄሱ ሳትታይ እንውሰዳት ብለው ሞከሩ፤ አሰለች ሳትታይማ አይሆንም አለች። በሳምንቱ ሌላ ሴት ላኩ። ደግሰው አውድማው ላይ እንደቆመ ሴትዮዋን በራፉን ሳታልፍ መለሳት። አንድ ልጅ ሁለቴ አትታይም፤ ሁለቴ መታየት ማለት የመጀመሪያው ዕይታ ነውር አገኘ ማለት ነው። «ፊት የማያይ ሰው ላኩብኝ፤ እሺ ብዬ አለፍኩት» አለ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። «አሁን ደግሞ እንደ ገበያ በሬ ጥርሷን ሊቆጥሩ ነው? ቃሌን መልሱልኝ!» ቃሉን መለሱለት። ታኅሣሥ ላይ ንጋት ብርድ ልብስና አንድ ሻንጣ ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዲያቆን ይታገሱ በጥር ከወገል ጤና ከተማ በፎቶ የታየች ልጅ አገባ። አሰለች የሙሽራይቱን ፎቶ በስልኳ ለፋና አሳይታታለች፤ ጣቷን እያንሸራተተች አምስት ፎቶ። በአምስቱም ሙሽራይቱ አንድ ዓይነት ፈገግታ አላት፣ ቆዳዋ እንደ ወተት ነጭ ነው። «ቆንጆ ናት አይደል?» አለች አሰለች። ፋና ናት አለች፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም።

በእመት ደብሪቱ የተቀየመ የለም። ሰላምታው እንዳለ ነው፣ ለዝክር ይጠራሉ፣ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ያስቀምጣቸዋል። የደሳለ ሚስት በጥምቀት ማግስት መጥታ ጉልበታቸውን ስማ ሄዳለች። ለልጅ ማየት ግን የሚጠራቸው አልተገኘም፣ እሳቸውም ከዚያ እሑድ ወዲህ ስለ ማንም መልክ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። አሁን በሰፈሩ ልጅ የሚያይ ሰው የለም።